በኪሎ የሸጥነው መዝገብ

የምሩቃን ማኅበሩ መጽሔት አዘጋጆች «ለዘንድሮው መገናኛ ስለ ትምህርት ክፍላችን ታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ ብዙም ሳላስብ እሺ አልኩ። ማታ ወረቀትና ብዕር ይዤ ስቀመጥ ግን ስድስት ኪሎ አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ አሰላ ነው። ስለ ዲኖቹ፣ ስለ ካሪኩለሙ፣ ስለ ካፌው ሻይና ስለ ምርቃታችን ፎቶ የሚጽፍ አይጠፋም። እኔ የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ከገዛ አገሩ ብዙ ሊማርበት ይችል ስለነበረ አንድ ቦታ እጽፋለሁ። በዚያ ቦታ እኔ ራሴ የፈጸምኩት ጥፋትም አለ። የ1976 ዓ.ም. ምሩቃን የታሪኩን ግማሽ ታውቁታላችሁ። ሌላውን ግማሽ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

መጀመሪያ ግን ስለ ትምህርቱ። በአገራችን ሹም መሆንና ለሹመት መማር ለረጅም ዘመን የተገናኙ ነገሮች አልነበሩም። ሹመት በታማኝነት፣ በዝምድና ወይም ዘመቻ ላይ በታየ ጀግንነት ይገኛል፤ ወረቀቱን የሚያውቀው ጸሐፊው ነው። አስተዳደርን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መማር ይቻላል የሚለው ሐሳብ በእርግጥ የመጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በተባበሩት መንግሥታት የቴክኒክ እርዳታ የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ በኋላ የሥራ አመራር ኢንስቲትዩት ብለን ያወቅነው እሱ ነው። በ1943 የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1954 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አደገ። በዚያው ዓመት ማዕከላዊ ፐርሶኔል ኤጀንሲ ተመሠረተና ቅጥር በፈተና፣ እድገት በችሎታ ይሁን ተባለ። አንዱ ሰው ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ሐሳቡ ይኸው ነበር።

እኛ በደረስንበት ጊዜ ታዲያ ምን ተማርን? ዌበር፣ ቴይለር፣ ፋዮል። የጉሊክን «ፖስድኮርብ» ማታ ማታ ኮሪደር ላይ እንደ ዳዊት ደግመነዋል፤ እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ ሰባቱንም እጠራለሁ። ዘመኑ የደርግ ነውና ከዚያ ጎን ማርክሲዝም ሌኒኒዝምም ነበረ። ከሁሉ በላይ በልቤ የቀረው ግን ፊሊፕ ሴልዝኒክ ስለ ቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1949 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው ይህ ትልቅ የልማት መሥሪያ ቤት «ሥራዬ ከሥር ካለው ሕዝብ ጋር ነው» እያለ ገባ። በአካባቢው ለመሰንበት ሲል ግን ከአገሩ ኃያላን ጋር ተወዳጀ። በመጨረሻ የእርሻ ፕሮግራሙን የመሩት እነዚሁ ባለጉልበቶች ሆኑ፤ መሬት የሌለው ጭሰኛና ጥቁሩ ገበሬ ወደ ዳር ተገፋ። ይህን ጉዳይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራክረንበታል። ጭላሎ ተነሥቶ ከነበረ እኔ ያን ቀን ከክፍል ቀርቻለሁ ማለት ነው።

በመስከረም 1977 ምደባዬ አሰላ ሆነ። መንገዱን ለማታውቁ፣ ከናዝሬት ወደ ደቡብ ተታጥፎ ዴራን፣ ኢተያንና ቁሉምሳን አልፎ፣ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሜዳው እየወጡ ሲሄዱ ብርዱ ይቀበላል። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው የተቀመጠችው፤ ከበላይዋ አራት ሺህ ሜትር የሚደርሰው የጭላሎ ተራራ አለ። አርሲ ሲባል ዛሬ ለብዙ ሰው የሚመጣው የበቆጂ ሯጭ ነው። በዚያ ዓመት ግን አገሩ በድርቅ ተመትቶ ስንዴ የሚጠበቅበት ምድር ነበር።

የተመደብኩበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። ከግቢው ጀርባ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ነበረው፤ ዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም «አባባ» ነው የምንላቸው። ገና በጎልማሳነታቸው የጭላሎ የእርሻ ልማት ክፍል፣ ማለትም ካዱ፣ ቀጥሯቸው ነበር። ካዱ ወደ መላው አርሲ ሰፍቶ አርዱ ሲባል ከአርዱ ጋር፣ ስሙ እንደገና ሲለወጥ ከተለወጠው ጋር፣ ዕቃው ሲበተን ደግሞ ከዕቃው ጋር ወደ እኛ ግቢ መጡ። ንብረት ተብሎ የተመዘገቡ ይመስል ነበር። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጬ ካዱን የተማርኩት ከእሳቸው ነው፤ ከመጽሐፍ ያነበብኩት በኋላ ነው።

ካዱ ሥራ የጀመረው በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በ1960 ዓ.ም. መግቢያ ነው። የሥራ ክልሉ የጭላሎ አውራጃ ነበር። አርሲ ጠቅላይ ግዛት ያን ጊዜ ጭላሎ፣ ጢቾና አርባ ጉጉ የሚባሉ ሦስት አውራጃዎች ነበሩት። በጭላሎ 400 ሺህ ያህል ሰው ይኖራል ይባል ነበር። ሥራውን መጀመሪያ የመራው ቤንት ኔክቢ የሚባል ስዊድናዊ ነው፤ ቆየት ብሎ አመራሩ በኢትዮጵያዊ እጅ ገባ። የተሻሻለ ስንዴ ከቁሉምሳ፣ ማዳበሪያ በብድር፣ የንግድ ጣቢያ፣ የተዳቀለች ጊደር፣ የውኃ ጉድጓድ፣ የችግኝ ጣቢያ፣ የሴቶች የቤት አያያዝ ትምህርት፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ይዞ ነው የመጣው። በምሥራቅ ፓኪስታን ኮሚላ ላይ የተሞከረው ዓይነት የተቀናጀ የገጠር ልማት በዓለም መነጋገሪያ በሆነበት ጊዜ ነው። ታሪኩን እንደ እርሻ ታሪክ የሚያነቡት ብዙዎች ናቸው። ለእኛ ሙያ የሚጠቅመው ግን በውስጡ ያለው የአስተዳደር ታሪክ ነው።

አስቡት እስቲ። አውራጃ ገዢው የአገር ግዛት ሚኒስቴር ሰው ነው። ካዱ ተጠሪነቱ ለእርሻ ሚኒስቴር ሆኖ በጀቱ የራሱ ነው፤ አብዛኛው ወጪ ከስዊድን ይመጣል። መኪናው፣ የተማረ ሰው፣ ጥሬ ገንዘቡ ካዱ ዘንድ ነው። ፍርድ ቤቱ፣ ፖሊሱ፣ የመሬት ግብር መዝገቡ ከገዢው ጋር ነው። ያልከፈለ ተበዳሪ ሲኖር ካዱ ሄዶ የሚከሰው የባለመሬቱ ወዳጅ በተቀመጠበት ችሎት ነው። በመጋቢት 1958 አውራጃዎች በምክር ቤት ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ የሚፈቅደው ትእዛዝ ቁጥር 43 ወጥቶ ነበር። ገንዘብ የሚሰጠውን ተከታይ ሕግ ፓርላማው ስላላጸደቀው ግን ምክር ቤቱ ኪስ የሌለው ልብስ ሆኖ ቀረ። በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው የውጭ ገንዘብ ያለው ፕሮጀክት የገባው።

ከዚያም የመሬቱ ነገር አለ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አርሲ ከተያዘ በኋላ መሬቱ ለሹም፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ተከፋፍሏል። በ1960ዎቹ መባቻ በጭላሎ ከሚያርሰው ግማሽ የሚጠጋው ጭሰኛ ነበር። ካዱ ብድር የሚሰጠው ለገበሬው ነው፤ ጭሰኛ ከሆነ ግን ቅጹ ላይ የባለመሬቱ ፊርማ ያስፈልጋል። ሲታይ ትንሽ ነገር ነው፤ አበዳሪ ዋስትና ይፈልጋል። አባባ ግን ስለ ካዱ ሲያወሩ ስለ ዘርና ማዳበሪያ ጥቂት ብለው ሁልጊዜ ወደዚያች መስመር ይመለሱ ነበር። «ሰውዬው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ በእግሩ ይመጣል። ቅጹን ይወስዳል። ከባለመሬቱ ደጅ ሦስት ቀን ይቆማል። ከዚያ ባዶውን ይዞት ይመለሳል። ወረቀቷን መልሶ ሲሰጠኝ ይቅርታ የሚጠይቀኝ ደግሞ እሱ ነው!»

ብድሩ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት መቶ ለማይሞሉ ገበሬዎች ነበር የተሰጠው፤ በአራተኛው ዓመት ከአሥር ሺህ በላይ ሆኑ። ምርቱም አደገ። ምርቱ ሲያድግ መሬቱ ተወደደ። ሢሶ ይከፍል የነበረው እኩል ክፈል ተባለ። በሰሜን ጭላሎ ሜዳማ አገር፣ በኢተያና በዴራ በኩል፣ ባለመሬቱ «ጭሰኛ ምን ይሠራልኛል» ብሎ ትራክተር ያስገባ ጀመር። ትራክተሩ ከቀረጥ ነፃ ነው፣ ነዳጁም ከግብር ነፃ ነው። አንደኛው ሚኒስቴር ለትናንሹ ገበሬ ማዳበሪያ ያከፋፍላል። ሌላው ገበሬውን የሚያፈናቅለውን መኪና ከቀረጥ ነፃ ያስገባል። ሦስተኛው፣ በ1958 የተቋቋመው የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር፣ የጭሰኞችን ሕግ አርቅቆ ፓርላማ ይልካል። ፓርላማው በአብዛኛው የባለመሬት ነውና ረቂቁ እስከ አብዮቱ ድረስ ሳይጸድቅ ቆየ። በሺህ የሚቆጠሩ ጭሰኞች ከጭላሎ ተነሡ። ስለ «ቅንጅት» ማስተማር የሚፈልግ መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ያመጣል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ካዱ ይህን ሁሉ ያወቀው ራሱ ነው። የዕቅድና ግምገማ ክፍል ነበረው። በዚያ ክፍል ሄኖክ ክፍሌና ባልደረቦቹ የብድሩ ጥቅም ለማን እንደደረሰ፣ የትራክተር እርሻ በትንሹ ገበሬ ላይ ምን እንዳስከተለ በ1963 እና በ1964 ዓ.ም. አጥንተው፣ ቁጥር አውጥተው፣ በስቴንስል አባዝተው አሰራጩ። ትልልቅ ባለመሬቶች ከብድሩ እንዲወጡ የተደረገውም ከዚህ ዓይነት ምርመራ የተነሣ ነው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራውን እየሠራ ሳለ «የእኛ ፕሮግራም ልንረዳው የመጣነውን ሰው እየጎዳ ነው» ብሎ በራሱ አርማ ሥር የጻፈበት ሌላ ጊዜ ስንት ታውቃላችሁ? እኔ በሥራ ዘመኔ አልገጠመኝም። የጻፍኳቸው ሪፖርቶች ሁሉ ዕቅዱ ዘጠና ምናምን በመቶ ተከናወነ ነው የሚሉት።

ዩኒቨርሲቲውም ያን ጊዜ ሩቅ አልነበረም። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በ1957 ነው። በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር የሚላኩት፣ በኋላም በ1967 በእድገት በኅብረት ዘመቻ የተሰማሩት ገጠሩን በዓይናቸው አይተዋል። የሕግ ፋኩልቲ መምህር የነበረው አሜሪካዊው ጆን ኮኸን የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በዚሁ በጭላሎ አውራጃ መሬትና ሥልጣን ላይ ነው። ቆይቶም ከአንድ ባልደረባው ጋር ስለ ኢትዮጵያ የጠቅላይ ግዛትና የማዘጋጃ ቤት አስተዳደር በ1980 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አውጥቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ፣ ባለመሬትና ጭሰኛ የሚለው ነገር በአንድ ቀን ወረቀት ላይ ቀረ። የጭላሎ ጥናቶች ግን ምን ሊፈጠር እንደሚችል አስቀድመው ነግረው ነበር።

ወደ መጋዘኑ ልመለስ። ከግማሽ በላይ የያዘው ወረቀት ነበር። ከፊሉ የታተሙት ጥናቶች ናቸው፤ ቀሪው የብድር ቅጾች፣ ደብዳቤዎች፣ የጣቢያ ቃለ ጉባኤዎች፣ የአቤቱታ ማመልከቻዎች። አንዳንዱን አይጥ በልቶታል፣ አንዳንዱን ዝናብ አበላሽቶታል። አብዛኛው ግን ደህና ነበር፤ የአሰላ ብርድ ለወረቀት ይስማማል መሰለኝ።

በ1984 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ መሥሪያ ቤቶች ሲከለሱ መጋዘኑ ለሌላ ሥራ ተፈለገ። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔ ጸሐፊው ነበርኩ፤ «የተማረ ነው፣ ቃለ ጉባኤ ይችላል» ተብዬ ነው። ሦስት ቀን ፈጀብን። ወንበሩን፣ የተሰበረውን ታይፕራይተር፣ የመኪና ጎማውን ለየብቻ ዘረዘርን። ወረቀቱ ላይ ስንደርስ አባባ ከበሩ ላይ አልነቃነቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይህ እኮ የሰው ስም ያለበት ነው» አሉኝ።

«አባባ፣ ዘመኑ አልፏል። መሬቱም ተወርሷል፣ ብድሩም ተረስቷል። ማን ያነበዋል?»

«አንተ ነሃ! የተማርከው ለምንድን ነው?»

ሳቅኩ። መሳቄን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ከዚያ በእጄ ጽሑፍ «አገልግሎት የማይሰጡ አሮጌ ወረቀቶች» ብዬ አሰፈርኩ። ሚዛን መጣ፣ በኪሎ ተሸጠ፣ በጋሪ ተጫነ። በሚቀጥለው ሳምንት ገበያ ወርጄ ስኳር ስገዛ ባለሱቁ የጠቀለለልኝ በጣቢያ ቃለ ጉባኤ ነበር። አነበብኩት። ስለ አንድ ድልድይ ጥገና የተነጋገሩበት ነው። ስኳሩን ቤት አድርሼ ወረቀቱን ጣልኩት። አባባ ከዚያ በኋላ ሰላምታዬን ይመልሱ ነበር እንጂ መጋዘኑ በር ላይ ቁጭ በል አላሉኝም። ሁለት ዓመት ቆይተው ጡረታ ወጡ፤ ዛሬ በሕይወት የሉም።

እኔም አሰላን ለቅቄ ማስተርሴን ሠርቼ መምህር ሆንኩ። የት እንዳስተማርኩ የሚያውቀኝ ያውቃል። ዘመኑ የሙያችን የተስፋ ዘመን ነበር። በ1987 የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከዚያ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው መጣ። በ1994 ገንዘብና ሠራተኛ ወደ ወረዳ ወረደ፤ ጥቅል በጀት የሚሉት ነገር ተጀመረ። እነ ዶክተር ምህረት አየነው ስለ ያልተማከለ አስተዳደር የጻፏቸውን እያነበብን እናስተምር ነበር። ቀጥሎ ቢፒአር፣ ቀጥሎ ቢኤስሲ። እኔ ግን በአደረጃጀት ኮርሴ ውስጥ ያው የለመድኩትን፣ ሴልዝኒክንና ቴነሲን ነበር የማስተምረው። የራሴን የድሮ ደብተር ይዤ!

በ1999 ይመስለኛል፣ አንዲት የመመረቂያ ተማሪ ከክፍል በኋላ ተከተለችኝ። «መምህር፣ ይህ የቴነሲ ነገር እኮ የአያቴ ታሪክ ነው» አለች። ቤተሰቦቿ የዲገሉ ሰዎች ናቸው። አያቷ ከዚያ በፊት በዴራ በኩል ጭሰኛ ነበሩ። ብድር ጠይቀው ባለመሬቱ አልፈርምም ብሏቸው፣ በሁለተኛው ዓመት ትራክተር ገብቶ ተነሥተው ወደ ደጋው ወጡ። እሷ ማጥናት የፈለገችው ያቺን የፊርማ መስመር ነው። ስንቱ ቅጽ ተፈርሞ፣ ስንቱ ሳይፈረም ተመለሰ? በየትኛው ምክትል ወረዳ? ያልፈረሙት ባለመሬቶች እነማን ነበሩ፣ ራሳቸውስ ከካዱ ተበድረዋል ወይ? አንድ መሥሪያ ቤት በቅን ልቦና ያስገባት አንዲት የዋስትና መስመር ሥልጣንን እንዴት ለሌላ ሰው አሳልፋ እንደምትሰጥ የሚያሳይ ጥናት ይሆን ነበር። ከሴልዝኒክ አያንስም ነበር፤ ይህን የምለው ተማሪዬ ስለሆነች አይደለም።

«የብድር ቅጾቹ አሰላ ይኖሩ ይሆን?» አለችኝ።

«ጠፍተዋል» አልኳት።

እኛ የአስተዳደር ሰዎች ይህን ዓይነት ግሥ እንወዳለን። «ተወስኗል»፣ «ተላልፏል»፣ «ታምኖበታል»፣ «ጠፍቷል»፤ ባለቤቱ አይታወቅም። እኔ አጠፋኋቸው ማለት ነበረብኝ። ልጅቷ ርእሷን ለወጠች፤ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቢፒአር ባስገኘው የተገልጋይ እርካታ ላይ ጻፈች። መጠይቅ በተነች፤ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ለመወሰን እቸገራለሁ» የሚለውን። እኔው አማካሪዋ ሆኜ «እጅግ በጣም ጥሩ» ሰጠኋት። ከዚያ ወዲህ የዚያን ዓይነት ጥናት ስንት እንደፈረምኩ አልቆጠርኩም። የወረዳው ስም ብቻ ነው የሚለዋወጠው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነገሩ ሲከነክነኝ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ የካዱን ሕትመቶች አነበብኩ። ስዊድን አገር ኡፕሳላም ይገኛሉ። እንግዲህ ሁሉ ነገር አልጠፋም ብዬ ትንሽ ቀለል አለኝ። ግን ሳነብ ልዩነቱ ገባኝ። የታተመው ጥናት «ጭሰኞች» ይላል፣ በመቶኛ ይሰጣል። መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ግን የእገሌ ማመልከቻ፣ የእገሌ እምቢታ፣ የጣቢያው ሠራተኛ በህዳጉ ላይ በእርሳስ የጻፈው ማስታወሻ ነው። አስተዳደር የሚታየው እዚያ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ያወጣው መመሪያ ታች ያለው ሠራተኛ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሆነ የሚነግረን የታተመው ሪፖርት አይደለም።

አሁን እያስተማራችሁ ላላችሁ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር አለኝ፣ ታገሡኝ። የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 ጀምሮ እዚያው አሰላ ላይ ነው። ተማሪዎቹ ከግቢ ወጥተው ቁሉምሳ፣ ሳጉሬ፣ ኢተያ መድረስ ይችላሉ። የካዱ የእርሻ ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በ1962 ሃያ አምስት ዓመት ከነበረው ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ቅጽ ይዘው ከደጅ የቆሙትም እንደዚያው። ወረቀቱን እኔ ሸጬዋለሁ፤ ሰዎቹ ግን የቀሩትን ያህል አሉ። መጠይቅ አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልገው አፋን ኦሮሞ የሚናገር፣ የድምፅ መቅጃ የያዘ፣ ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ ለማዳመጥ የሚታገሥ ተማሪና ይህን እንደ መመረቂያ ጥናት የሚቀበል ትምህርት ክፍል ነው። ዘንድሮ ካልሆነ ለሚመጣው ዓመት ብላችሁ አታቆዩት።

አባባ ጡረታ የወጡ ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጥተውኝ ነበር። በሻንጣ ውስጥ ከቦታ ቦታ ስዞር አብሮኝ ዞረ፤ የፈታሁት ባለፈው ዓመት ቤት ስንቀይር ነው። አሥራ አንድ የብድር ቅጾች ናቸው። ሰባቱ ላይ የባለመሬቱ ፊርማ አለ። አራቱ ላይ መስመሩ ባዶ ነው፤ የአመልካቹ የጣት አሻራ ግን ከግርጌ አለ። ለዚያች ተማሪዬ ስልክ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ቅጂውንም ላክሁላት። እሷ ዛሬ ራሷ መምህር ናት። የአያቷ ስም ከአሥራ አንዱ ውስጥ የለም፤ ሁለታችንም ደግመን አየነው። «ስለ ነገርከኝ አመሰግናለሁ» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ስለዚህ በመገናኛችን ቀን መመዝገቢያው ጠረጴዛ አጠገብ ስካነር ይዤ እቀመጣለሁ። በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ዓመታችሁ የጻፋችሁት ሪፖርት፣ የዘመቻ ማስታወሻ፣ የገበሬ ማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ቤታችሁ የቀረ ደብዳቤ፣ በእናታችሁ ሣጥን ውስጥ ያለ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ የአርሲም ይሁን የሌላ ክፍለ ሀገር፣ ያላችሁን አምጡ። የተቀደደ ቢሆን፣ ገጹ ቢጎድል፣ ስኳር የተጠቀለለበት ቢሆን ግድ የለም። ዋናውን አልወስድባችሁም፤ እዚያው ፊታችሁ አንሥቼ እመልስላችኋለሁ።